የማሃባራታ ጀግና ማን ነው?

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ጥንታዊ የህንድ ገድል ነው። የምንመረምረውም አንድ ጥያቄ ነው፦ አንድን ሰው የገድል ጀግና የሚያሰኘው ምንድን ነው? ክንዱ ነው? ድሉ ነው? ወይስ ሌላ ነገር?

ጥያቄውን ህንዶቹ ራሳቸው ጠይቀውታል። ራማያና የተባለው ገድል ገና ሲጀምር ባለቅኔው ቫልሚኪ፣ ናራዳ የተባለውን ጠቢብ ያነጋግረዋል። በዚህ ዘመን በምድር ላይ ኃያልም እውነተኛም የሆነ፣ ውለታ የማይረሳ፣ ቁጣውን የገዛ፣ ምቀኝነት የሌለበት ሰው ይገኝ ይሆን ብሎ ይጠይቀዋል። ናራዳም አዎ፣ አለ፣ ስሙም ራማ ነው ይለዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ወደ 24,000 የሚጠጉ ግጥሞች የዚያ መልስ ማብራሪያ ናቸው። አድማጩ ማንን መከተል እንዳለበት ከመነሻው ተነግሮታል።

ሁለተኛው ታላቅ ገድል ማሃባራታ ግን እንዲህ አያደርግልንም። ይህ ሥራ በ18 መጻሕፍት የተከፈለ ሲሆን፣ በባህሉ 100,000 ግጥሞች አሉት ይባላል። ህንዶች ቪያሳ ለተባለ ጠቢብ ይሰጡታል። የዘመናችን ሊቃውንት ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ400 ዓመት አካባቢ ጀምሮ እስከ ልደት በኋላ 400 ድረስ በብዙ ባለቅኔዎች እጅ እያደገ የመጣ ነው ይላሉ። በዚህ ሁሉ ርዝመቱ፣ ጀግናው ይህ ነው ብሎ በጣቱ የሚያሳየን ሰው የለም። ስለዚህ ፍለጋው የእኛ ሥራ ይሆናል። እኔም የማሃባራታን ታላቅነት የማየው በዚህ ነው።

ስሞቹ ብዙ ናቸው፤ አትጨነቁ። ለዛሬ ሦስት ወንዶችንና ሁለት ሴቶችን ብቻ ያዙልኝ፦ ዩዲሽቲራ፣ አርጁና፣ ካርና። ከሴቶቹ ኩንቲና ድራውፓዲ።

ታሪኩ የዙፋን ጠብ ነው። በሐስቲናፑራ ከተማ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ታላቁ ዓይነ ስውር ስለነበረ ዙፋኑ ለታናሹ ለፓንዱ ተሰጠ። ታላቁ መቶ ወንዶች ልጆች ነበሩት፤ የበኩሩ ስም ዱርዮዳና ነው። ፓንዱ አምስት ልጆች ነበሩት፤ ገድሉ ግን ያስወለዷቸው አማልክት ናቸው ይላል። ሦስቱ የኩንቲ ልጆች ናቸው፦ ዩዲሽቲራ፣ ቢማና አርጁና። ሁለቱ መንታዎች፣ ናኩላና ሳሃዴቫ፣ ከሁለተኛይቱ ሚስት ከማድሪ የተወለዱ ናቸው። ፓንዱ ቀድሞ ሞተ። የሁለቱ ወንድማማቾች ልጆች አብረው አደጉ፣ አብረው ተማሩ፣ በመጨረሻም ከዴልሂ በስተሰሜን፣ ዛሬ ሐርያና በሚባለው ግዛት፣ ኩሩክሼትራ ሜዳ ላይ 18 ቀን ተዋጉ። ከሁለቱ ወገን በሕይወት የተረፈው በጣት የሚቆጠር ነው።

እንግዲህ ጀግና ማለት ያሸነፈ ከሆነ መልሱ አርጁና ነው። ቀስተኛ ነው፣ የአማልክት ንጉሥ የኢንድራ ልጅ ነው፣ ሠረገላውን የሚነዳለትም በሰው አካል የመጣው አምላክ ክሪሽና ነው። ጦርነቱ ሊጀመር ሲል ከፊቱ የቆሙትን አጎቶቹን፣ መምህራኑንና ዘመዶቹን አይቶ ቀስቱን የጣለው፣ ባጋቫድ ጊታ የተባለው ታላቅ ምክር የተነገረውም ለእሱ ነው። ነገር ግን ገድሉ አርጁናን በድሉ ላይ አይተወውም። ከዓመታት በኋላ ክሪሽና ከሞተ ወዲያ፣ መበለቶችንና ሕፃናትን አጅቦ ሲጓዝ ሽፍቶች አደጋ ይጥሉበታል። ያ ቀስት ለመወጠር እንኳ አስቸገረው። ፍላጻው አለቀ፤ ሴቶቹ ዓይኑ እያየ ተወሰዱ። ባለቅኔዎቹ ይህን ሳያወሩ ማለፍ ይችሉ ነበር። ያወሩት፣ የክንድ ጀግንነት ጊዜ የሚሰጠውና ጊዜ የሚነሳው ነገር መሆኑን እንድናይ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ካርና እንሂድ። እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ።

ኩንቲ ገና ልጃገረድ ሳለች፣ በደንብ ያስተናገደችው አንድ ባሕታዊ አማልክትን የምትጠራበት ቃል ሰጣት። እውነት ይሆን ብላ ልትሞክረው የፀሐይን አምላክ ሱርያን ጠራች። መጣ። ወንድ ልጅ ወለደች፤ ልጁም ሲወለድ በደረቱ ላይ ጥሩር፣ በጆሮው ላይ የሚያበራ ጉትቻ ነበረው። ያላገባች ናትና ፈራች። ሕፃኑን ውሃ እንዳይገባው በሰም በተለሰነ ቅርጫት አድርጋ ወንዝ ላይ ለቀቀችው። የሙሴን ታሪክ የምታውቁ አድማጮች እዚህ ላይ ታስታውሳላችሁ። ሙሴን ከውሃ ያነሣችው የንጉሥ ልጅ ነበረች፤ ካርናን ያሳደጉት ግን ሠረገላ ነጂው አዲራታና ሚስቱ ራዳ ናቸው። በህንድ የዘር ደረጃ የሠረገላ ነጂ ልጅ ከመሳፍንት ጋር እኩል አይቆምም። የካርና ሕይወት በሙሉ ከዚህ ጋር የተደረገ ትግል ነው።

መሳፍንቱ የጦር ትምህርታቸውን ለሕዝብ የሚያሳዩበት ቀን ደረሰ። አርጁና በቀስቱ ሁሉን ሲያስደንቅ፣ ማንም የማያውቀው ጎልማሳ ወደ ሜዳው ገብቶ፣ አርጁና ያደረገውን ሁሉ አደረገ። ከዚያም ግጥሚያ ጠየቀ። መምህሩ ክሪፓ ግን አስቆመውና የማን ልጅ ነህ አለው። የንጉሥ ልጅ ከማን ጋር እንደሚዋጋ ማወቅ አለበት። ካርና አንገቱን ደፋ። ኩንቲ ከተመልካቾች መካከል ነበረች፤ ጥሩሩንና ጉትቻውን አይታ ልጇን አወቀች፣ ራሷንም ሳተች። ቃል ግን አልወጣትም። በዚህ ጊዜ ዱርዮዳና ተነሥቶ፣ ንጉሥ ካልሆነ አይዋጋም ካላችሁ እኔ አነግሠዋለሁ አለና እዚያው በአደባባይ የአንጋ አገር ንጉሥ አደረገው።

ዘውዱ ገና ራሱ ላይ ሳይረጋ አንድ ሽማግሌ በላብ ተጠምቆ፣ በምርኩዝ እየተደገፈ፣ ነጠላው እየወደቀበት ወደ ሜዳው ገባ። አዲራታ ነው። ካርና ቀስቱን አስቀምጦ፣ የንግሥና ውሃ ያረጠበውን ራሱን ዝቅ አድርጎ ለአሳዳጊው ሰገደ። ማንነቱን ሊደብቅ ይችል ነበር። ያ ሽማግሌ የማላውቀው ሰው ነው ሊል ይችል ነበር። ቢማ ሣቀበትና አንተስ የአባትህን ጅራፍ ያዝ አለው። ካርና መልስ አልሰጠም፤ ቀና ብሎ ፀሐይን አየ። ካርና በኋላ የጣላቸውን ተዋጊዎች ሁሉ ደምሬ ብመዝን፣ ለእኔ ይህች ስግደት ትበልጣለች።

ጦርነቱ ሊጀመር ሲል ክሪሽና ካርናን ብቻውን አግኝቶ ምስጢሩን ገለጠለት። የኩንቲ የበኩር ልጅ ነህ፤ ወደ ወንድሞችህ ና፣ ዩዲሽቲራ ዙፋኑን ይለቅልሃል፣ አምስቱም እግርህ ሥር ይቆማሉ አለው። ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው ክብር ያለ ጦርነት ቀረበለት። ካርና እንቢ አለ። እኔን ያጠባችኝ ራዳ ናት፤ ሽንቴንና ዓይነ ምድሬን የጠረገች እሷ ናት፤ ስም ያወጣልኝና የዳረኝ አዲራታ ነው፤ ዱርዮዳናም ማንም ባላከበረኝ ቀን አክብሮኛል፤ ለምድር ሁሉ ወርቅ ብዬ አልከዳቸውም አለ። የሚሸነፍ ወገን ላይ እንዳለ ያውቅ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ለመነ፦ ይህን ለዩዲሽቲራ አትንገረው። ቢያውቅ መንግሥቱን ለእኔ ይሰጣል፤ እኔም ለዱርዮዳና እሰጠዋለሁ፤ መግዛት የሚገባው ግን ዩዲሽቲራ ነው አለ።

ከዚያ ኩንቲ ራሷ ሄደች። በጋንጅስ ወንዝ ዳር ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ ሲጸልይ አገኘችው፤ እስኪጨርስም ከኋላው በልብሱ ጥላ ሥር ቆማ ጠበቀች። ልጄ ነህ አለችው። ካርና ጠላት ያላደረገብኝን አንቺ አደረግሽብኝ አላት። ቢሆንም ባዶ እጇን አልሰደዳትም። ከአርጁና በቀር አራቱን ልጆችሽን አልገድልም፤ እሱ ቢሞት እኔ፣ እኔ ብሞት እሱ አለልሽ፤ አምስት ልጆችሽ አይጎድሉም ብሎ ቃል ገባላት። ቃሉንም ጠበቀ።

በጦርነቱ 17ኛ ቀን፣ ከአርጁና ጋር ሲዋጋ የካርና ሠረገላ መንኮራኩር መሬት ውስጥ ሰጠመ። ወርዶ ሊያነሣው ሲታገል የጦር ሕግ ይከበር፣ ቆይልኝ ብሎ ለመነ። አርጁና በክሪሽና ግፊት ፍላጻውን ለቀቀ።

ስለዚህ የህንድ ደራስያን ካርናን አለመርሳታቸው አያስደንቅም። ራምዳሪ ሲንግ ዲንካር በ1952 በሂንዲ ራሽሚራቲ የተባለውን ረጅም ግጥም የጻፈው፣ ሺቫጂ ሳዋንትም በ1967 በማራቲ ምሪትዩንጃያ የተባለውን ልብ ወለድ ያሳተመው ስለ እሱ ነው። በዘር ደረጃ ምክንያት የተገፋ ሁሉ ራሱን በካርና ውስጥ ያያል። ሕዝቡም ጨምሮለታል። በሞት አፋፍ ላይ ሳለ ለለማኝ የሚሰጠው ቢያጣ የወርቅ ጥርሱን በድንጋይ ሰብሮ ሰጠ የሚለው የሕዝብ ተረት ነው፤ በገድሉ ውስጥ የለም። ድራውፓዲ ባል በምትመርጥበት ቀን የሠረገላ ነጂ ልጅ አላገባም አለችው የሚለው ታዋቂ ትዕይንትም የሚገኘው በአንዳንድ የእጅ ጽሑፎች ብቻ ነው። ከ1919 እስከ 1966 በፑኔ ከተማ ባንዳርካር በተባለው የምርምር ተቋም ጽሑፎቹን ሲያመሳክሩ የኖሩት ሊቃውንት ከዋናው ጽሑፍ አውጥተው ወደ ግርጌ ማስታወሻ አውርደውታል።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ካርና የማሃባራታ ጀግና ነው ማለት እኔ አልችልም። የሚከለክለኝ አንድ ቀን አለ።

ያ ቀን የቁማሩ ቀን ነው። ዩዲሽቲራ በዳይስ ሀብቱን፣ መንግሥቱን፣ ወንድሞቹን፣ ራሱን አስበላ። በመጨረሻም የአምስቱ ወንድማማቾች ሚስት የሆነችውን ድራውፓዲን አስይዞ ተበላ። በጸጉሯ ተጎትታ አዳራሽ ገባች። የተከበሩ ሽማግሌዎች ተቀምጠው እያዩ አንድ ጥያቄ አቀረበች፦ ባሌ አስቀድሞ ራሱን ነው የተበላው ወይስ እኔን? የራሱ ያልሆነ ሰው እኔን ማስያዝ ይችላል ወይ? ከሽማግሌዎቹ ቁርጥ ያለ መልስ የሰጣት የለም። በዚያ አዳራሽ አምስት ባል ያላት ሴት ጋለሞታ ናት፣ ልብሷን ግፈፏት ያለው ካርና ነው። ራሱ የተዋረደ ሰው፣ የተዋረደችውን ሴት ሲያይ ከአዋራጆቿ ጋር ቆመ። በኋላ ለክሪሽና ዱርዮዳናን ደስ ለማሰኘት የተናገርኩት ክፉ ቃል ያቃጥለኛል ብሏል። ጸጸቱን አምናለሁ። ለድራውፓዲ ግን አልደረሰላትም።

ሌላም ነገር አለ። ኢንድራ ለማኝ መስሎ ጥሩሩንና ጉትቻውን ሊጠይቀው እንደሚመጣ ሱርያ በሕልም አስጠንቅቆት ነበር። ካርና ከሕይወቴ ዝናዬን እመርጣለሁ አለ፤ ጥሩሩን ከገላው ቆርጦ ሰጠ። ታላቅ ልግስና ነው፤ ዓይኑ ግን ሰዎች ስለ እሱ በሚሉት ላይ ነበር።

በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው ዳሻሩፓካ የተባለው የህንድ የተውኔት መመሪያ ዋና ባለታሪክን የሚለየው በፍሬው ነው፤ ታሪኩ በመጨረሻ የሚያፈራውን ፍሬ የሚወስደው ባለቤቱ ነው ይላል። በዚህ ሚዛን ዙፋኑም ሰማዩም የደረሰው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ዩዲሽቲራ።

አውቃለሁ፣ ብዙ አድማጮች ቁማርተኛው? ትላላችሁ። አዎ፣ ቁማርተኛው። ሚስቱን ያስያዘው ሰው። በጦርነቱም በ15ኛው ቀን ከዱርዮዳና ወገን የተሰለፈው ድሮና የተባለው መምህራቸው አልሸነፍ ሲል፣ ቢማ አሽዋታማ የተባለ ዝሆን ገደለና አሽዋታማ ሞተ ብሎ ጮኸ። የድሮና ልጅም ስሙ አሽዋታማ ነው። ድሮና ልጄ በእርግጥ ሞቷልን ብሎ የጠየቀው፣ ዋሽቶ የማያውቀውን ዩዲሽቲራን ነበር። ዩዲሽቲራ አሽዋታማ ሞቷል ብሎ ጮኸ፤ ዝሆኑ የሚለውን ቃል በከንፈሩ ዋጠው። ድሮና በሐዘን መሣሪያውን ጣለ፤ ተገደለም። እስከዚያች ሰዓት የዩዲሽቲራ ሠረገላ በእውነተኛነቱ ምክንያት ከመሬት አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይሄድ ነበር ይላል ገድሉ። ከዚያች ቃል በኋላ መንኮራኩሩ አፈር ነካ።

ታዲያ ለምን እሱ? ጥፋቱን ዕድሜ ልኩን ተሸክሞ ስለሄደ ነው። ጦርነቱ አልቆ ለሞቱት ውሃ ሲያፈሱ ኩንቲ ለካርናም አፍስሱ፣ ታላቅ ወንድማችሁ ነበር ብላ ምስጢሩን አወጣች። ዩዲሽቲራ ደነገጠ። በዚያ በቁማሩ አዳራሽ ካርና ሲሰድበን በቁጣ ልቃጠል ስል ዓይኔ እግሩ ላይ ያርፍና ቁጣዬ ይበርድ ነበር፤ እግሩ የእናታችንን እግር ይመስል ነበር አለ። አሸናፊው ንጉሥ ዙፋን አልፈልግም ብሎ ጫካ ልገባ ነው አለ። ከ18ቱ መጻሕፍት ረጅሙ የተሞላው እሱን በማጽናናትና በማስተማር ነው።

36 ዓመት ከገዛ በኋላ ከወንድሞቹና ከድራውፓዲ ጋር ሁሉን ትቶ ወደ ሂማላያ ተጓዘ። አንድ ውሻ ተከተላቸው። በመንገድ ላይ መጀመሪያ ድራውፓዲ ወደቀች። ቢማ ለምን ወደቀች ቢለው፣ ዩዲሽቲራ ወደ ኋላ ሳይዞር ከሁላችን አርጁናን አብልጣ ስለወደደች ነው አለ። ይህ መልስ ዛሬም ያስቆጣኛል። እሱ ያስያዛት ሴት ናት። ከዚያ መንታዎቹ፣ አርጁና፣ ቢማ ተራ በተራ ወደቁ። ዩዲሽቲራና ውሻው ብቻ ቀሩ።

ኢንድራ በሠረገላ መጥቶ ግባ፣ ወደ ሰማይ እወስድሃለሁ፣ ውሻውን ግን ተው አለው። ዩዲሽቲራ የተጠጋኝን አልጥልም አለ። ወንድሞችህንና ሚስትህን ትተህ ለውሻ? ቢለው፣ እነሱ ሞተዋል፤ በሕይወት ሳሉ አልተውኳቸውም፤ ይህ ግን በሕይወት አለ ብሎ መለሰ። ልብ በሉ፣ እዚያ ተራራ ላይ የሚያጨበጭብ ሰው የለም። ዝና የለም። ውሻው የሚከፍለው ውለታም የለውም። ውሻው ግን ዳርማ፣ የጽድቅ አምላክና የዩዲሽቲራ አባት ነበር።

ሰማይ ሲደርስ ያገኘው ዱርዮዳናን በክብር ተቀምጦ ነው። ወንድሞቼስ የት ናቸው? ካርናስ? አለ። በጨለማና በሚከረፋ መንገድ ወደ ሲኦል ወሰዱት። ሊመለስ ሲል፣ ትንሽ ቆይልን፣ አንተ ስትመጣ ነፋስ አገኘን የሚሉ ድምፆች ሰማ። እናንተ ማን ናችሁ ቢል፣ እኔ ካርና ነኝ፣ እኔ ቢማ ነኝ፣ እኔ አርጁና ነኝ፣ እኔ ድራውፓዲ ነኝ አሉት። ዩዲሽቲራ አማልክትን ነቀፈ፤ መልእክተኛውንም ሂድና ንገራቸው፣ እኔ እዚሁ እቀራለሁ አለው። በአዳራሹ ውስጥ ዝም ብሎ አንገቱን የደፋው ሰው፣ ድራውፓዲ ስትሠቃይ ሁለተኛ ጊዜ ትቷት አልሄደም። ሳያውቀው የተዋጋውን ታላቅ ወንድሙንም አልተወውም። እኔ የማሃባራታን ጀግና ያገኘሁት እዚህ ነው።

ሲኦሉ ወዲያው ተገፈፈ፤ ፈተና ነበር። ኢንድራም ለምን እንዲያየው እንደተደረገ ሲገልጥለት የድሮናን ነገር አነሣ፦ መምህርህን በልጁ ነገር አታለልኸው፣ አንተም ሲኦልን በማታለያ አየህ። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በካሽሚር የኖረው የሥነ ግጥም ሊቅ አናንዳቫርዳና የዚህን ሥራ መጨረሻ አይቶ፣ የማሃባራታ ዋና ስሜቱ የጦር ወኔ ሳይሆን ዓለምን የተወ ልብ ሰላም ነው ሲል ፈርዷል። ፍርዱ ከአርጁናም ከካርናም ይልቅ ለዩዲሽቲራ ይስማማል።

አድማጮች፣ አንድ ባለ መብት ሳልፈርድላት ቀርታለች። በታሚል ናዱ መንደሮች ድራውፓዲ ቤተ መቅደስ አላት፤ ምእመናኗ በዓሏን በፍም ላይ በባዶ እግራቸው እየሄዱ ያከብራሉ። ለእነሱ የዚህ ገድል ባለቤት እሷ ናት። በአዳራሹ ያቀረበችው ጥያቄና መልስ ያጣበት ምክንያት ራሱን የቻለ ዝግጅት ስለሚፈልግ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ እሷ እንነጋገራለን። እስከዚያው ደኅና ሁኑ።